አብሹ አልጎደለም፣ የጎደለው ሌላው ነው

 

በዚህ ገጽ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ዋግ፣ ስለ ላም ጡት በሽታ ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ እናት ጡት ወተት ነው። «ይሄ ደግሞ ምኑ ግብርና ነው? ለጤና ባለሙያ ተወው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ወተት ያመጣል ተብሎ ለአራስ የሚቀርበው አብሽ የሚወጣው ከእናንተ ማሳ ነው። አራሷም የእናንተ ሚስት፣ እህት ወይም ልጅ ናት። ደግሞም ባለፈው ጥር ያየሁት ነገር አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ወልዳ ነበር። የምትኖረው ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ነው። አክስቴ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ሄደው ሊያርሷት አልቻሉም። «በል አንተ ሂድልኝ» ብለው አምስት ኪሎ የዘንድሮ አብሽ፣ ቅቤና የገንፎ ዱቄት አሸክመው ላኩኝ። ከሰሜን ሸዋ ተነስቼ ላምበረት መናኸሪያ ወረድኩ፤ ከዚያ ታክሲ እየቀያየርኩ ኮልፌ ደረስኩ።

ቤት ስገባ ልጅቷ አልጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ሕፃኑ ጎኗ ተኝቷል። ራስጌዋ ትልቅ ፔርሙዝ አለ። እሱም የአብሽ ውሃ ነው።

«ጋሼ፣ አብሽ አመጣህልኝ? ተመስገን፣ የነበረኝ ሊያልቅብኝ ነበር። ወተቴ እንቢ አለኝ እኮ» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ልጁ ሦስት ሳምንቱ ነው። ጤና ጣቢያ ወስዳ ስታስመዝነው የተወለደበትን ኪሎ እንኳ አልመለሰም። እኔ ደግሞ የለመድኩት ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ማሳው ለምን ቢጫ ሆነ ሲሉኝ መጀመሪያ «ምን አደረጋችሁት?» ነው የምለው። «በቀን ስንት ጊዜ ታጠቢዋለሽ?» አልኳት።

«አራት፣ ቢበዛ አምስት ጊዜ። ወተቱ እስኪጠራቀም እጠብቃለሁ። እስከዚያ የጣሳ ወተት በጡጦ እሰጠዋለሁ።»

«አንቺስ ምን ትበያለሽ?»

«አብሹ እኮ ያጠግበኛል። ጠዋት ዳቦ በሻይ እቀምሳለሁ፤ ማታ ባለቤቴ ሲመጣ የሆነ ነገር እንበላለን።»

ባልየው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ገና ሳይነጋ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ገንፎ የሚያገነፋላት ሰው የለም። ከወለደች በሳምንቷ ልብስ ማጠብ ጀምራለች። ውሃ በጀሪካን የምታመላልሰውም እሷው ናት። አብሽ ግን ሞልቷል፤ ከገጠር ይላክላታል፣ ከሱቅ ትገዛለች። እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ። ከእናቶቻችን የአራስ ወግ ውስጥ አብሹን ብቻ አስቀርተን ሌላውን ሁሉ ጥለነዋል። ከዚያ ደግሞ አብሹ ብቻውን የሁሉንም ሥራ እንዲሠራልን እንጠብቃለን።

ላም አርቢ ለሆነ ሰው ቀጥሎ ያለው ነገር አዲስ አይደለም። ላም ወተት የምትሰጠው በምንድነው? በጥጃዋ ነው። የሐበሻ ላም ጥጃዋ ትንሽ ሳይጠባት መች ወተቷን ታወርዳለች? ጥጃዋ የሞተባት እንደሆነም አባቶቻችን የጥጃውን ቆዳ ገለባ ሞልተው አጠገቧ ያቆሙላታል፤ እሱን እያሸተተች እንድታወርድ። ሳትታለብ የዋለች ያደረች ላምስ ምን ትሆናለች? ጡቷ አጋተ ብለን ነገ እጥፍ ትሰጣለች እንላለን? የለም፤ እየቀነሰች ሄዳ ትነጥፋለች። የደነገጠች ወይ የተመታች ላምም ወተቷን ትይዛለች። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የሰው እናትም በዚሁ ሕግ ነው የምትሠራው። ሕፃኑ ሲጠባ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ ሁለት መልእክተኞች ትልካለች። አንዱ ፕሮላክቲን ይባላል፤ «ወተት አምርት» የሚል ነው፤ በሌሊት ይበረታል። ሁለተኛው ኦክሲቶሲን ነው፤ «የተመረተውን አውርድ» የሚል ነው፤ ጭንቀት፣ ሕመምና ድንጋጤ ያዘገዩታል። ጡት ሲሞላና ሳይጠባ ሲቆይ ደግሞ ሰውነት «የሚፈልገው የለም» ብሎ ምርቱን ይቀንሳል። ስለዚህ «ወተቱ ይጠራቀም» ብሎ ማቆየት ላሟን እንደማንጠፍ ነው። በመሀል ጡጦ ሲገባ ልጁ ይጠግባል፤ ሲጠግብ ጡት አይስብም፤ ሳይስብ ወተቱ ያንሳል፤ ሲያንስ ጡጦው ይጨመራል። እንዲህ እያለ ይነጥፋል። እናትየዋ ግን «ወተቴ እንቢ አለኝ» ብላ ሌላ አብሽ ትዘፈዝፋለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

አሁን አንዳንዱ «ታዲያ አብሽ ዋጋ የለውም እያልክ ነው?» ይለኛል። አላልኩም። እኔ አብሽ ወዳጅ ነኝ። ጥቁር አፈር ላይ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት የሚበቅል፣ ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ናይትሮጅን ይዞ ለሚቀጥለው ስንዴና ጤፍ መሬቱን የሚያዘጋጅ፣ ገበያም የማያጣ ሰብል ነው። ቅቤ ሲነጠር፣ በርበሬ ሲደለዝ፣ ሽሮ ሲዘጋጅ አብሽ አለ። የአራስ አብሽም ቢሆን የእናቶቻችን ዕውቀት ነው። ዱቄቱን ዘፍዝፈው፣ መራራውን ውሃ ደጋግመው እየደፉ፣ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ መትተው፣ ማር ጠብ አድርገው ይሰጧታል። ይሄን የሚንቅ ባለሙያ ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም።

ጥናቱስ ምን ይላል? በ2012 ዓ.ም. ኮክሬን በሚባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ተቋም በኩል የወጣ አንድ ሥራ አለ። የጡት ወተት ይጨምራሉ በተባሉ መድኃኒቶችና ዕፀዋት ላይ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ 41 ጥናቶችን ሰብስቦ መረመረ። በጥናቶቹ የተሳተፉት እናቶች 3,005 ናቸው። አብሽም ከተመረመሩት አንዱ ነበር። ውጤቱ ባጭሩ፣ ዕፀዋቱ ወተት በመጠኑ ሊጨምሩ ይችላሉ፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚሻል አይታወቅም የሚል ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው አብሽ ምናልባት ረዳት ይሆናል እንጂ ጌታ አይሆንም። የማዳበሪያ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ዘር ያልተዘራበት ማሳ ላይ ዩሪያ ብትበትኑ ምን ይበቅላል?

እናቶቻችን ዘንድ አብሹ ለምን ሠራ ታዲያ? ምክንያቱም ብቻውን አልነበረም። አንዲት ሴት ስትወልድ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ቢያንስ 40 ቀን አራስ ቤት ትቆያለች። ውሃ አትቀዳም፣ እንጨት አትሸከምም። ሕፃኑ ቀንም ሌሊትም እቅፏ ውስጥ ነው፤ ባለቀሰ ቁጥር ጡት ይገባለታል። ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ፣ ሾርባው፣ የተልባው ውሃ በየሰዓቱ ይቀርባል። ጎረቤት ይጠይቃታል፣ ያጫውታታል፤ አትተክዝም። ያ ሁሉ ተደምሮ ነው ወተቱን ያመጣው። አብሹ ከዚያ ውስጥ አንዱ ነበር። ሌላው ቀርቶ አብሽ ብቻ ሲቀር ግን ነገሩ ይገለበጣል። አብሽ ውሃ ስቦ የሚያብጥ አሰር አለው፤ ሆድ ይሞላል። ቀኑን ሙሉ አብሽ የምትጠጣ እናት የምግብ ፍላጎቷ ይቀንሳል። ያቺ ልጅ «አብሹ ያጠግበኛል» ያለችው ለዚህ ነው። ለምታጠባ እናት ግን በየቀኑ ከወትሮው ላይ ሁለት ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም የሚያስተምሩት ይሄንኑ ነው።

እዚህ ላይ የከተማ ሰው ብቻ የሚወቀስ እንዳይመስላችሁ። እኛ ገጠር ውስጥ ያለን ሰዎችም ደህና አይደለንም። በነሐሴና በመስከረም የጤፍ አረም ሲደርስ ምን እናደርጋለን? የሁለት ወር አራስ ያላት ሴት ከእኛ እኩል ማሳ ትወርዳለች። ሕፃኑ ከአያቱ ወይ ከታላቅ እህቱ ጋር ቤት ይቀራል። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ጡት አያገኝም፤ እስከዚያ የላም ወተት በውሃ ይሰጠዋል። ጡቷ አጋቶ፣ ቀሚሷ ረጥቦ ታርማለች። ማታ ስትመለስ ባል «ወተትሽ ቀነሰ እኮ፣ አብሽ ጠጪ» ይላታል። ወንድሞቼ፣ ወተቱን የቀነስነው እኛ ነን። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከስድስት ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ የሚያገኙት 58 በመቶ ነበሩ። ከመቶው 42ቱ ውሃ፣ የላም ወተት ወይ ሌላ ነገር ይጨመርላቸው ነበር ማለት ነው። እኔ እንደማየው ይሄ የአብሽ እጥረት አይደለም። የእናት ጊዜ እጥረት ነው።

ስለ ሌሎቹ ዕፀዋትም ትንሽ ልበል፣ ጥያቄ ስለሚመጣ። ተልባና ሱፍ በምግብ መጠን ጥሩ ናቸው፤ ቅባትና ጉልበት ይሰጣሉ። ሽፈራውን ኮንሶዎች እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል፤ ቅጠሉ ገንቢ ነው፣ ጓሯችሁ የሚበቅል ከሆነ ለአራስ ወጥ ላይ መጨመሩ ጠቃሚ ነው። እንስላል እንደ ሻይ ቀለል ብሎ ቢጠጣ ችግር የለውም፤ ዘይቱን ግን አትንኩት፣ ኃይለኛ ነው። ጤና አዳም ቡና ላይ እንደምናደርገው ቅጠል ጣል ቢደረግ አንድ ነገር ነው፤ ነፍሰ ጡር ግን ጨምቃ ወይም አፍልታ መጠጣት የለባትም፣ ማህፀን ያነሳሳል።

አብሽም ቢሆን ለሁሉም ሰው አይሆንም። የስኳር ሕመምተኛ ሆና መድኃኒት የምትወስድ እናት ስኳሯን ከልክ በላይ ሊያወርድባት ይችላል። የደም ማቅጠኛ የምትወስድም ሐኪሟን ትጠይቅ። ሽምብራ ወይ ኦቾሎኒ ሰውነቷን የሚያሳክካት ሴት አብሽም ሊያሳክካት ይችላል፣ የአንድ ቤተሰብ ሰብሎች ናቸውና። ነፍሰ ጡር በወጥ ውስጥ ያለውን ትብላ፤ ከዚያ አልፋ እንደ መድኃኒት አትጠጣው። ብዙ የጠጣች እናት ላቧም ሽንቷም አብሽ አብሽ ይሸታል፣ የልጇም ሊሸት ይችላል፤ በዚህ አትደንግጡ። ሕፃኑ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው አብሽ በቀጥታ አይሰጠውም። ውሃም ቢሆን አይሰጠውም።

አሁን ወደ ማሳችሁ ልመልሳችሁ፤ ለባለሙያነቴ የሚቀርበው ይሄኛው ነው። የምትሸጡት አብሽ አራስ ኩባያ ውስጥ እንደሚገባ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ዩጋንዳ ውስጥ፣ ካራሞጃ በሚባለው አካባቢ፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት የታደለ የእርዳታ ዱቄት ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሰዎችን አመመ፤ አምስት ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ሲጣራ ከእህሉ ጋር አብሮ የተፈጨ የአስተናግር ዘር ሆኖ ተገኘ። እኛ አጤ ፋሪስ የምንለው ያው ሜዳ ላይ፣ በረት ዳር፣ አውድማ አጠገብ የሚበቅለው ነው። ለእናት ብርታት ይሁን ተብሎ የተሰጠ ምግብ መርዝ ሆነ። ስለዚህ አስተናግርን ዘር ሳይቋጥር ማሳ ውስጥ እያለ ንቀሉት። አብሹን የተጠረገ አውድማ ላይ ውቁ፣ በደንብ አንፍሱ፣ ልቀሙ። ለዘር ተብሎ ኬሚካል የተቀባ እህል መቼም ቢሆን ለምግብ አይሸጥ። የነቀዝ ኪኒን የገባበትን ጎተራም ጊዜው ሳያልፍና ሳይናፈስ አትክፈቱና አትሽጡ። አብሽ ደርቆ ካልገባ ይሻግታል፤ የሻገተውን ለአራስ ከመላክ ባዶ እጅ መሄድ ይሻላል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ አብሽ መያዛችንን አንተው፤ ግን አብሹን ብቻ ይዘን አንሂድ።

አንደኛ፣ ሥራዋን እንቀበላት። ውሃውን ቅዱ፣ ልብሱን እጠቡ፣ ገንፎውን አገንፍታችሁ አብሏት። ወንዶችም ብንሆን ጀሪካን ለመሸከም አናፍርም።

ሁለተኛ፣ ልጁ ከሷ አይለይ። እንደተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ ቢጫው እንገር አይደፋ፣ የመጀመሪያ ክትባቱ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በቀንና በሌሊት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ይጥባ። የጡቱን ጫፍ ብቻ ከያዘ ያቆስላታል፣ ወተትም አያገኝም፤ አፉን ሰፋ አድርጎ ከፍቶ ጥቁሩን ክፍል ጭምር ይያዝ።

ሦስተኛ፣ በአረም ወቅት ለምታጠባ ሴት ወንፈል እንግባላት። ለቤት ሥራ፣ ለደቦ የምንተባበር ሰዎች አንድ እናት ስድስት ወር ማሳ ሳትወርድ እንድትቆይ መተባበር ያቅተናል? የግድ መውረድ ካለባትም ሕፃኑን ይዛ ትምጣ፤ ጥላ እንሥራለት፣ ባለቀሰ ቁጥር ተነስታ ታጥባው። ማንም አያጉረምርምባት።

አራተኛ፣ ምልክቱን እንወቅ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ ሲጠባ ሲውጥ የሚሰማ፣ በሁለት ሳምንት የልደት ኪሎውን የመለሰ ልጅ ወተት እየደረሰው ነው፤ ቢያለቅስም አትሸበሩ። ሽንቱ የጠቆረና ያነሰ፣ ለመጥባት የሚደክም፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ ግን አብሽ እስኪዘፈዘፍ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ጤና ኬላ ወይ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እናትየዋም ትኩሳት፣ ብዙ ደም ወይ የጡት እብጠት ካላት እንዲሁ።

«እኛስ በምን አደግን? በአብሽ አይደል?» የሚሉ አዛውንቶች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። መልሴ አጭር ነው። እናቴ፣ እርስዎ አብሽ ሲጠጡ ገንፎውን ማን አገነፋልዎት? ውሃውን ማን ቀዳ? ሕፃኑስ የት ነበር? እነዚህን ሦስቱን ለልጅዎ ይመልሱላትና አብሹን ከዚያ በኋላ ይጨምሩላት።

የ18 ማዞሪያዋን ልጅ መጨረሻ ሳልነግራችሁ አልተውም። በማግስቱ አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። እዚያ ያለችው ሲስተር ልጁ ጡት የሚይዝበትን መንገድ አስተካከለችላት፤ ጡጦውን ቀስ በቀስ እንድትቀንስ፣ በየሁለት ሰዓቱ እንድታጠባ፣ በሳምንቱ መጥታ እንድታስመዝነው ነገረቻት። የቤት አከራይዋ እማማ ነገሩን ሲሰሙ «እኔ እያለሁ?» ብለው ተቆጡ፤ ከግቢው ሴቶች ጋር ተማክረው የምሳ ተራ አወጡላት። ባልየውም ጀሪካኑን ማታ ሞልቶ ማደር ጀመረ። እኔ የሠራሁት ነገር ቢኖር ሁለት ቀን ገንፎ ማገንፋት ነው፤ መጀመሪያው ተጓጉሎብኝ ነበር።

ከወር በኋላ ደወለችልኝ። ልጁ ኪሎ ጨምሯል፣ ጡጦውም ተሰቅሏል። አብሹን አላቆመችም፤ ጠዋት አንድ ኩባያ ትጠጣለች፣ እኔም አልከለከልኳትም። አክስቴ ታዲያ እስከ ዛሬ «የላክሁት አብሽ አዳነው» ይላሉ። እኔም «አዎ እቴቴ» እላቸዋለሁ። ለሚቀጥለው አራስ ግን አብሹን ሲልኩ ታናሽ እህቷንም አብረው ለአንድ ወር እንዲልኩ አስማምቻቸዋለሁ።

እናንተስ? ዘንድሮ አብሽ የምትልኩላት አራስ ካለች፣ ከአብሹ ጋር ማንን ትልኩላታላችሁ? ይሄን ጽሑፍ በተለይ ለባሎች አካፍሉልኝ። ሰላም ሁኑ፣ ምርታችሁ ይባረክ።